እጃችን ባለበት ልባችንም ይኑር

(በማህበራችን የዓመቱ ሒሳብ መዝጊያ ስብሰባ ላይ፣ ሰቆጣ ከተማ፣ በሒሳብ ክፍሉ ስም የቀረበ ንግግር)

 

በየዓመቱ ሰኔ 30 መዝገብ ዘግተን ሐምሌ ላይ እዚህ ቆመን የምናነብላችሁ ቁጥር ነው። ይህን ያህል ተቆጠበ፣ ይህን ያህል ተበደረ፣ ይህን ያህል ተመለሰ እንላለን። ዘንድሮም ቁጥሩ አለ፤ ተባዝቶ ከጸሐፊያችን እጅ ይደርሳችኋል። ዛሬ ግን ከቁጥሩ በፊት ስለ ሌላ ነገር እንድንናገር ኮሚቴው ፈቅዶልናል። አንድ ሥራ ስንሠራ፣ እጃችን እዚያ ሥራ ላይ ሳለ፣ ልባችን የት ነው ያለው?

ይህ የሒሳብ ሰዎች ጉዳይ ነው ወይ የምትሉ ትኖራላችሁ። እኛም እንደዚያ እናስብ ነበር። ሐሳባችንን ያስለወጠን ባለፈው ዓመት በዚህ ማህበር ውስጥ፣ በዚህ ጠረጴዛ ላይ የሠራነው ጥፋት ነው። አንዳንዶቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ግን በሹክሹክታ ነው የሰማችሁት። ከሹክሹክታ ከራሳችን አፍ ብትሰሙት ይሻላል።

ነገሩ የሆነው ጥር ወር ላይ ነው። እንደ ልማዳችን እሑድ ከቅዳሴ መልስ ተሰብስበን መዋጮና የብድር ተመላሽ እንቀበል ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ነበርን፤ ገንዘብ ያዧ፣ ጸሐፊዋና ሒሳብ ሠራተኛዋ። ወረፋው ረዝሟል። ቡናው አቦል ላይ ደርሷል። አንዷ ስለ ልጇ ፈተና ታወራለች፣ ሌላዋ ስለ ማሽላ ዋጋ ትጠይቃለች፣ ስልክ ይጠራል። በዚህ መሐል አንዲት እናታችን ቀርበው የብድራቸውን የአንድ ዙር ክፍያ 1,500 ብር ቆጥረው ሰጡን። ተቀበልናቸው። የቁጠባ ደብተራቸውን ቤት ረስተውት ነበር የመጡት። “ግድ የለም፣ በሚቀጥለው ሲያመጡት እንጽፍልዎታለን” አልናቸው። ደረሰኝ ልንቆርጥ ስንል ስልካችን ጠራ። “ቆይተን እንቆርጣለን” አልን። ስልኩን በትከሻችንና በጆሯችን መሐል ይዘን መዝገቡ ላይ 1,500 ብር ጻፍን። የጻፍነው ግን በሳቸው ገጽ ላይ አልነበረም። ቀጥሎ ባለው ገጽ፣ በሌላ አባል ስም ላይ ነበር።

ከሦስታችን እስክሪብቶ የያዘችው ማን እንደነበረች አልሰወርንም። አሁን ይህን ወረቀት ይዛ ፊታችሁ የቆመችው ናት። ነገር ግን ሦስታችንም አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠን ነበር፣ ሦስታችንም አላየንም። ስለዚህ ጥፋቱን “ያጠፋነው” እንለዋለን።

ማታ ሣጥኑን ከፍተን ስንቆጥር ብሩ ከመዝገቡ ድምር ጋር ልክ መጣ። ተደስተን ተለያየን። ሒሳብ የተማርን ሰዎች ይህን ኮሌጅ ውስጥ ተምረነዋል፤ ገንዘብ በተሳሳተ ሰው ስም ቢመዘገብም ድምሩ አይዛነፍም። የጎደለና የተረፈ ብር በቆጠራ ይጋለጣል። የተሳሳተ ስም ግን ድምሩ ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። ድምሩ ልክ ነው ማለት ሒሳቡ ልክ ነው ማለት አይደለም። ይህን እያወቅን ነው በድምሩ ብቻ ተማምነን የሄድነው።

መጋቢት ላይ ክፍያ ያሳለፉ አባላት ስም ሲነበብ የእናታችን ስም ተነበበ። ተነሥተው “እኔ ከፍያለሁ” አሉ። መዝገቡን ገለጥን። “መዝገቡ ላይ የለም” አልን። ደብተራቸው ላይ አልተጻፈም፣ ደረሰኝ የላቸውም። ቤቱ ጸጥ አለ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ሌላ ቃል ሳይናገሩ ወጡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጃቸው 1,500 ብር ይዛ መጣች። ገንዘቡ ከየት እንደመጣ የሰማነው ቆይተን ነው። ልትወልድ የደረሰች ፍየላቸውን ሸጠው ነበር። ከዚያ በኋላ ሦስት ስብሰባ አልመጡም።

ስህተቱ የተገኘው ሰኔ መጨረሻ ላይ የእያንዳንዱን አባል ደብተር ከመዝገቡ ጋር ስናስታርቅ ነው። ያገኘነውም እኛ አይደለንም። በስሟ 1,500 ብር ትርፍ የተጻፈላት እህታችን ናት። ቀሪ ዕዳዋን ስንነግራት “ተሳስታችኋል፣ ይህን ያህል አልከፈልኩም፤ ይህ ገንዘብ የኔ አይደለም” አለችን። ዝም ብትል ኖሮ ዛሬም ድረስ አናውቅም ነበር። ስለ ታማኝነቷ በዚህ ጉባኤ ፊት እናመሰግናታለን።

እናታችን ዘንድ ሦስታችን ሄደን ይቅርታ ጠየቅን፤ ሁለት ጊዜ የከፈሉትን ገንዘብ መለስን። ፍየሏን ግን መመለስ አልቻልንም። በገዛት ሰው ቤት መንታ ወልዳለች።

ከዚያ በኋላ ራሳችንን መጠየቅ ጀመርን። ምን ጎደለን? የሒሳብ እውቀት ነው? አይደለም፤ አንድ ገጽ ላይ ስምና ቁጥር መጻፍ ፊደል የቆጠረች ልጅም ትችላለች። ጊዜ ነው? ደረሰኝ መቁረጥ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የጎደለን፣ እናታችን ፊታችን ቆመው ሳለ እኛ እዚያ አልነበርንም። ግማሻችን ስልኩ ውስጥ ነበር፣ ግማሻችን ወረፋው መቼ ያልቃል እያለ ነበር። “ቆይተን” ያልነው ነገር ሁሉ ደግሞ ተመልሶ አልመጣም።

ይህ አዲስ እውቀት አይደለም፤ እናቶቻችን ጥንት ያውቁታል። ጥጥ የፈተላችሁ ታስታውሳላችሁ። ባዘቶውን በአንድ እጅ ይዞ እንዝርቱን የሚያሾር ሰው ልቡ ሌላ ቦታ ከሄደ ክሩ ወይ ይወፍራል ወይ ይበጠሳል። እንጀራ የምንጋግር ሁላችን እናውቃለን፤ አክንባሎውን ከፍተን “ይህችን ብቻ ላድርግና” ብለን ወጣ ያልን ጊዜ የምናገኘው ያረረ ነው። አባቶችም “ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም” ብለዋል። ስለ ቸኮለችዋም የተባለውን ሁላችን እናውቃለን፤ አፍሳ ለቀመች።

ከከተማችን ጥቂት ወጣ ብሎ ያለውን የውቅር መስቀለ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ያላየ በመካከላችን የለም። ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራ ነው። በድንጋይና በጭቃ የሚገነባ ሰው ቢሳሳት ያፈርሰውና እንደገና ይሠራዋል። አለት የሚፈለፍል ሰው ግን አንዴ የቆረጠውን መልሶ አይለጥፈውም። እያንዳንዱን የመሮ ምት ሲመታ ልቡ እዚያ ምት ላይ መሆን ነበረበት። ጠቅላላውን ሕንፃ በአንድ ቀን አልጨረሰውም፤ በየቀኑ ግን የዚያን ቀን አለት ጠርቦ አድሯል።

በዘመናችንም ይህን ጉዳይ ያጠኑ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 ማቲው ኪሊንግስዎርዝና ዳንኤል ጊልበርት የሚባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች “ሳይንስ” በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አወጡ። 2,250 ሰዎችን በእጅ ስልካቸው በየጊዜው በድንገት እየጠሩ “አሁን ምን እየሠራህ ነው? ልብህስ የት ነው?” ብለው ጠየቋቸው። ሰዎቹ ከተጠየቁባቸው ጊዜያት በግማሽ በሚጠጋው፣ ከመቶ 46.9 በሚሆነው፣ ልባቸው ከያዙት ሥራ ውጭ ነበር። ልባቸው ሌላ ቦታ በነበረበት ጊዜ ደግሞ ደስታቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ የልብ መሄድ የሰቆጣ ሴቶች በሽታ ብቻ አይደለም።

ሶፊ ለሮይ የምትባል ሌላ ተመራማሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ጥናት፣ አንድ ሥራ ሳንጨርስ ወደ ሌላ ስንዘል የፊተኛው ሥራ ቅሪት በአእምሯችን ውስጥ እንደሚቀር፣ አዲሱንም ሥራ እንደሚያበላሽ አሳየች። እኛ ሴቶች ይህን በጀበና እንገልጸዋለን። ጀበናው ሳይታጠብ አዲስ ቡና ቢፈላበት የድሮው አተላ ጣዕሙን ይይዘዋል። ስልኩን ዘግተን ወደ መዝገቡ ስንመለስ አእምሯችን ውስጥ የስልኩ ወሬ አተላ ነበር።

እዚህ ላይ ሁላችሁም በልባችሁ የምትሉትን እንናገረው። “ይህ ምክር ሠራተኛ ላለው ሰው ነው። የእኛ ቀን መቼ የራሳችን ሆኖ ያውቃል? ውሃ አለ፣ ማገዶ አለ፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ጎረቤት ይታመማል፣ ለቅሶ አለ። አንድ ነገር ብቻ ይዘን ብንቀመጥ ቤቱ ይፈርሳል።” እውነት ነው። ስለ ሥራ ውጤታማነት የተጻፉ መጻሕፍትን ስናነብ እኛም የምንለው ይህንኑ ነው። መጽሐፉን የጻፈውን ሰው ምሳ የሠራችለት አንዲት ሴት መኖሯን መጽሐፉ አይናገርም።

ስለዚህ ከየመጽሐፉ ያገኘነውን እንዳለ አልወሰድንም። በዚህ ዓመት እየሞከርን፣ የማይሆነውን እየጣልን፣ የሆነውን ይዘናል። እንንገራችሁ።

አንደኛ፣ ሥራዎቻችንን ለሁለት ከፈልናቸው። ጨዋታ የሚያስኬዱ ሥራዎች አሉ፤ ምስር መልቀም፣ እህል መፍተግ፣ ልብስ ማጠብ። እነዚህን እያወራንም እያዜምንም እንሠራቸዋለን፣ እንዲያውም ያኔ ይቀላሉ። ጨዋታ የማያስኬዱ ደግሞ አሉ፤ ገንዘብ መቁጠር፣ መዝገብ መጻፍ፣ ለታመመ ልጅ መድኃኒት መለካት፣ የተናደደ ሰው ማዳመጥ፣ እሳት አጠገብ መሥራት። ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ላይ ብቻ እንሁን አላልንም። ሁለተኛዎቹን ሥራዎች በያዝንበት ሰዓት ብቻ ሌላ አንጨምር አልን። እነሱ ደግሞ ሲቆጠሩ ብዙ አይደሉም።

ሁለተኛ፣ ጊዜውን አሳጠርነው። ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የሚባል ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ተማሪ ሳለ ማጥናት ቢያቅተው የቲማቲም ቅርጽ ባለው የወጥ ቤት ሰዓት 25 ደቂቃ እየሞላ፣ በዚያ 25 ደቂቃ አንድ ነገር ብቻ እየሠራ፣ ከዚያ ትንሽ እያረፈ መሥራት ጀመረ። ዘዴው በዓለም ተሰራጭቷል። እኛ ሞከርነው፤ ለቢሮ ሥራ ሆነ፣ ለቤት ግን ሕፃኑ ሰዓቱን አያከብርም። ስለዚህ በራሳችን መስፈሪያ ለወጥነው። አቦል እስኪወርድ ድረስ አንድ ሥራ። ከአቦል እስከ ቶና ሌላ ሥራ። ሕፃኑ ቢያቋርጠን እንኳ የተቋረጠው ትንሽ ነው፤ የጠፋው ቀኑ ሙሉ አይደለም።

ሦስተኛ፣ መቋረጥ ካልቀረ በደንብ መቋረጥን ተማርን። ማን ይሁን ማን ጠረጴዛው ላይ ቢመጣ፣ የተያዘው መስመር ሳይጻፍ ቀና አንልም። “አንዴ፣ ይህችን መስመር ልጨርስ” እንላለን። የግድ መነሣት ካለብን ደግሞ የቆምንበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርገን፣ ቀጥሎ የሚሠራውን በአንድ ቃል ጽፈን እንነሣለን። ስንመለስ ከየት እንደምንጀምር አንፈልግም።

አራተኛ፣ ስልኩን ከጠረጴዛው አነሣነው። እሑድ እሑድ በሩ ላይ የምታዩት ሰፌድ ለዚህ ነው። መጀመሪያ ላይ አጉረምርማችሁብናል። ዘመዷ ሆስፒታል የተኛባት፣ ልጇ ሩቅ አገር ያለባት አለች፤ ልክ ናችሁ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጉዳይ ያላት ስልኳን ትይዛለች፣ ሲጠራ ወጥታ ታናግራለች። ሕጉ ለጠረጴዛው ሦስት ሰዎች ግን ልዩነት የለውም። የአንዷ ልጅ ቢያማት ሌላ ሰው ይተካታል እንጂ ስልክ ይዛ ገንዘብ አትቀበልም።

አምስተኛ፣ “ቆይተን” የሚለውን ቃል ከጠረጴዛው ላይ ከለከልነው። ገንዘብ ሲመጣ አሠራሩ አንድ ነው። ስሟ በጮክታ ይጠራል። ብሩ በሷው ፊት ይቆጠራል። መዝገቡ ላይ ይጻፋል፤ የጻፍነውን ስምና ቁጥር መልሰን እናነብላታለን። ደረሰኙ ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ ነው ቀጣይዋ የምትጠራው። አማርኛ ለሚከብዳቸው እናቶቻችን ንባቡ በአገውኛ ይሆናል። ደብተር የረሳች ብትኖር ደረሰኙን ይዛ ትሄዳለች፤ ያለ ወረቀት አትወጣም።

እነዚህ አምስቱ ጊዜ የሚፈጁ ይመስላሉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ስብሰባዎች ወረፋው በእርግጥ ረዝሞ ነበር፤ “ሞተን ነው የምንወጣው” ያለችን እህት አለች። ከዚያ በኋላ ግን አጠረ። ምክንያቱም “ስንት ነው ያልሽው?”፣ “ስምሽን ድገሚልኝ”፣ “ቆይ ቆጥሬው ነበር ረሳሁት” የሚለው ነገር ቀረ። አምና የሰኔ መዝጊያ ሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጅቶብን ነበር፤ ዘንድሮ በአራት ቀን ጨረስን። የአንድም አባል ደብተር ከመዝገቡ ጋር አልተጣላም።

ያልተሳካልንንም እንናገር። ቤታችን ገብተን ማታ ማታ ስልክ ላይ የምናጠፋው ጊዜ አልቀነሰም። ከሥራ ስንመለስ አሁንም ምጣድ ላይ ሆነን ስለ ነገው ስብሰባ እናስባለን፣ ስብሰባ ላይ ሆነን ስለ ምጣዱ እናስባለን። ልብ አንዴ ተመክሮ የሚቆም ነገር አይደለም። በሄደ ቁጥር “ነይ ተመለሺ” እያሉ መጥራት ነው። ስትሄድ ራስን መሳደብም ዋጋ የለውም፤ መስደቡ ራሱ ሌላ መንገድ መሄድ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። አንዲት እናታችን በኮሚቴው ስብሰባ ላይ እንዲህ ብለው ጠየቁን፤ “ዛሬ ላይ ሁኑ ትላላችሁ። እኛ የዋግ ሰዎች ስለ ነገ ካላሰብን እንዴት እንኖራለን?” ጥያቄው ትልቅ ነው። 1977 ዓ.ም.ን በዓይናቸው ያዩ እናቶች እዚህ ተቀምጠዋል። ዝናብ ሲዘገይ ምን እንደሚመጣ ይህ አገር ያውቃል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደጃችን ሲደርስ ከቤታችን የወጣን፣ ሰው ያጣን፣ ንብረት ያጣን አለን። ለእኛ ነገ ማለት የሚያስጨንቅ፣ ትናንት ማለት የሚያም ነው። “ስለ ነገና ስለ ትናንት አታስቡ” ብንላችሁ ውሸታሞች እንሆናለን።

የምንለው ሌላ ነው። ስለ ነገ ማቀድና ስለ ነገ መጨነቅ አንድ አይደሉም። እቅድ እጅ ላይ ይውላል፤ ይህን ያህል እንቆጥባለን፣ ይህን ዘር እናስቀምጣለን፣ ለዚህ ወር ይህን እንገዛለን ይላል። ጭንቀት ግን ያንኑ ጥያቄ ሌሊቱን ሙሉ ያዞራል፤ ሲነጋ የተሠራ ነገር የለም። ማሲካምፖና ባውማይስተር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳዩትም ይህንኑ የሚደግፍ ነው። ያላለቀ ጉዳይ አእምሮን እየነካካ አላሠራ ይላል፤ ሰውየው ግን ያን ጉዳይ መቼና እንዴት እንደሚሠራው ቁርጥ ያለ እቅድ ሲያወጣለት፣ ገና ሳይሠራው እንኳ አእምሮው ያርፋል። ስለዚህ ለነገ ጊዜ እንስጠው። በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ብዕርና ወረቀት ይዘን፣ ማንበብና መጻፍ የማንችል ደግሞ ልጃችንን አስቀምጠን፣ የሚያስጨንቀንን ሁሉ እንዘርዝር። ከእያንዳንዱ አጠገብ መቼና በምን እንደምንሠራው እንጻፍ። ምንም ማድረግ የማንችለውን ለፈጣሪ እንተወው። በሌላው ሰዓት ጭንቀቱ ሲመጣ “ተጽፈሻል፣ ቀንሽ እሑድ ነው” እንበለው።

ትናንትን በተመለከተ ደግሞ የምንመክረው ምክር የለንም። ያለፈው ነገር ሌሊት የሚቀሰቅሳት፣ ሥራ ላይ ሳለች በድንገት የሚመጣባት እህት ካለች፣ ይህ ትኩረት የማጣት ጉዳይ አይደለም፤ ቁስል ነው። ብቻሽን አትያዥው። ለምታምኛት እህት ንገሪ፣ ጤና ጣቢያ ሂጂ፣ የነፍስ አባትሽን አነጋግሪ። በዚህ ስብሰባ ዓይኗ ሩቅ የሄደባትን ሴት ስናይም “አዳምጪ እንጂ” ብለን አንገሥጻት። አጠገቧ እንቀመጥ።

የከተማችን ስም የተጠራበትን አንድ ትልቅ ጉዳይ እናንሣ። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት “የሰቆጣ ቃል ኪዳን” ብሎ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር ለማጥፋት ቃል ገባ። የአሥራ አምስት ዓመት እቅድ ነው። ብዙ መሥሪያ ቤት፣ ብዙ በጀት ገብቶበታል። ነገር ግን ይህ ሁሉ እቅድ የሚያርፈው የት ነው? አንዲት እናት ዛሬ ለልጇ በምትሰጠው አንድ ቁርስ ላይ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለ መጀመሪያዎቹ 1,000 ቀናት ሲያስተምሩን ሰምተናል፤ ከእርግዝና ጀምሮ ሕፃኑ ሁለተኛ ዓመቱን እስኪሞላ ያለው ጊዜ ነው። እነዚያ ቀናት አንድ በአንድ ያልፋሉ። የዛሬውን ለነገ አናስተላልፈውም። ደግሞም ምግቡን ብቻ አይደለም የሚሉን፤ ስትመግቢው ዓይን ዓይኑን እያየሽው፣ እያጫወትሽው፣ ሳትቸኩዪ መግቢው ይሉናል። ዓይኗ ስልክ ላይ፣ እጇ ማንኪያ ላይ ያለች እናትን ልጁ ያውቃታል። የአሥራ አምስት ዓመቱ ቃል ኪዳን እንኳ የሚፈጸመው በአንዲት እናትና በአንድ ሕፃን መሐል፣ በአሁን ሰዓት ነው።

የኛም ቁጠባ እንዲሁ ነው። ትልቁ ግባችን የራሳችን የእህል ወፍጮ መግዛት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ወፍጮው ግን ገና ነው፤ ዛሬ ያለችው የዛሬዋ 50 ብር ናት። ሃምሳዋ በትክክል ካልተቆጠረችና በትክክለኛው ስም ካልተጻፈች ወፍጮው አይመጣም። ቢመጣም መተማመናችን ጠፍቶ ይመጣል፤ ያኔ በወፍጮው እንጣላበታለን።

በቅርቡ ነሐሴ ይገባል፤ ሻደይ ይመጣል። ከነሐሴ 16 እስከ 21 ልጆቻችን የሻደዩን ቄጠማ ወገባቸው ላይ አስረው ሲጨፍሩ እናያለን፤ እኛም ትናንት የጨፈርነው ነው። ታስታውሱ እንደሆነ፣ ከበሮው ሲመታ ልቧ ሌላ ቦታ የሄደ ልጅ ወዲያው ትታወቃለች። ጭብጨባዋ ይዘገያል፣ እግሯ ይስታል፣ አጠገቧ ያለችውንም ታስታለች። ማንም አይቆጣትም፤ ጓደኛዋ ክንዷን ነካ ታደርጋታለች፣ እሷም ፈገግ ብላ ትመለሳለች። እርስ በርሳችን እንዲሁ ብንደራረግ እንወዳለን። የሒሳብ ጠረጴዛው ላይ ዓይናችን ከተቅበዘበዘ ክንዳችንን ነካ አድርጉን። አንቀየምም።

ስለ እናታችን ሳንናገር አንጨርስም። ይቅርታ ልንጠይቅ ቤታቸው በሄድን ጊዜ ቡና አፈሉልን። ገንዘቡን ተቀብለው ቆጠሩ፤ ልክ መሆኑን ሲያዩ መሐረባቸው ላይ ቋጠሩት። ከዚያ እንዲህ አሉን፤ “ገንዘቡስ ይመጣል ይሄዳል። እኔን የከፋኝ ሌላ ነው። የዚያን ቀን ብሩን ስሰጣችሁ አንዳችሁም ቀና ብላችሁ ፊቴን አላያችሁኝም። አይታችሁኝ ቢሆን ኖሮ መጋቢት ላይ ‘ከፍያለሁ’ ስል ታስታውሱኝ ነበር።”

መልስ አልነበረንም። ያን ጊዜ ካነበብነው መጽሐፍና ጥናት ሁሉ ይህ ንግግር በልጦብናል። በየእሑዱ ጠረጴዛው ላይ ስንቀመጥ የምናስታውሰው እሱን ነው። ከመዝገቡ በፊት ፊት እናያለን። እርሳቸውም ከነሐሴ ጀምሮ ተመልሰው መጥተዋል፤ ዛሬም እዚህ ተቀምጠዋል። ታሪኩን እንድንናገር የፈቀዱልን እርሳቸው ናቸው፤ ስማቸውን እንዳንጠራ ያሉንም እርሳቸው ናቸው። እግዚአብሔር ያክብርልን።

በመጨረሻ፣ ከናንተ ሦስት ነገር እንለምናለን። ብራችሁ ሳይጻፍና ደረሰኛችሁ ሳይቆረጥ ከጠረጴዛው አትነሡ፤ ብናጣድፋችሁም አትነሡ። በየቤታችሁ በቀን ውስጥ አንድ ሥራ ምረጡ፣ ሕፃን መመገብም ይሁን እንጀራ መጋገር፣ ያንን አንዱን ስትሠሩ ሌላ አትጨምሩበት፤ በሚቀጥለው ስብሰባ እንዴት እንደሆነ ንገሩን። ሦስተኛ ደግሞ፣ ዛሬ ሐሳባቸው ሩቅ የሆነባቸውን እህቶች አስታውሱ፤ ያልመጣች ካለች ከስብሰባው መልስ ጎራ በሉባት።

አሁን ጸሐፊያችን የዓመቱን ሒሳብ ታነብላችኋለች። ስልካችሁ ሰፌዱ ላይ ነው፣ ቡናው ገና አልተወቀጠም፤ እስኪፈላ ድረስ ሁላችን ቁጥሩ ላይ እንሁን። ያልገባችሁ ቦታ ላይ አስቁሙንና ጠይቁ።